የድሮ ሳይንስ ፊክሽን በአዲስ ዲስክ፦ የትኛው ቅጂ ይገዛ?

ሳጥኑ ላይ በትልቁ «4ኬ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የሚናገረው ምስሉ ስንት ነጥብ እንዳለው ብቻ ነው። ፊልሙ የትኛው ቅጂ እንደሆነ፣ ከምን እንደተገለበጠ፣ ሲጸዳም ምን አብሮ እንደተጠረገ አይናገርም። የሳይንስ ፊክሽን አፍቃሪዎች ለዓመታት የሚከራከሩት ደግሞ በእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ነው። ክርክራቸው አንዳንዴ ይከራል። እጃችሁን ኪሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት ግን ብታደምጡት ይጠቅማል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለእኔ ጥሩ ዲስክ የሚባለው ፊልሙ ሲወጣ የነበረውን መልክ ጠብቆ የሚያሳይ ነው። ዳይሬክተሩ ከዓመታት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ቅጂ ቢሠራ መብቱ ነው። የመጀመሪያውን ግን ሊደብቅብን አይገባም። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ምርጫዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ግሬን ይጠረግ ወይስ ይቆይ?

በፊልም ጥቅል የተቀረጸ ምስል ላይ የሚርመሰመሱ ደቃቅ ነጥቦች አሉ። ግሬን ይባላሉ። ቆሻሻ አይደሉም። ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚለወጡት የብር ውሁድ ቅንጣቶች ናቸው ምስሉን የፈጠሩት፤ ግሬን ከጠፋ የምስሉ አካል ነው የሚጠፋው። ለብርሃን ንቁ በሆነ ጥቅል ጨለማ ውስጥ የተቀረጸ ትዕይንት ላይ ግሬኑ ይበዛል። የ1980ዎቹ ሳይንስ ፊክሽን ደግሞ ጨለማ ይወዳል።

ስቱዲዮዎች ይህን በኮምፒዩተር ይቀንሱታል። አፍቃሪዎቹ ዘዴውን ዲኤንአር ይሉታል። ትንሽ ሲሆን አይጎዳም። ሲበዛ ግን ኮምፒዩተሩ ግሬኑን ከቆዳ ቀዳዳ፣ ከጺምና ከጨርቅ ክር መለየት ያቅተዋል። ሁሉንም አብሮ ይጠርጋል። ምስሉ ሲደበዝዝባቸው ደግሞ ጠርዝ ጠርዙን ያሾሉታል። የመጨረሻው ውጤት ሰም የተቀባ የሚመስል ፊት ነው።

ሁሉም በምሳሌነት የሚያነሣው በ2010 የወጣውን የ«ፕሬዳተር» ብሉሬይ (ከዲቪዲ የተሻለ፣ ከ4ኬ ያነሰ ጥራት ያለው ዲስክ) ነው። ፊልሙ የ1987 ሥራ ነው። ሙሉ ለሙሉ ጫካ፣ ላብና ጭቃ ነው። አርኖልድ ሽዋርዜንገር ጭቃ ተለቅልቆ ከአዳኙ የሚሸሸግበትን ቦታ አስታውሱ። ያ ትዕይንት የሚያስፈራው የጭቃው ሻካራነት፣ የላቡ ጠብታ፣ የትንፋሹ ጭንቀት ፊቱ ላይ ስለሚታይ ነው። በ2010ሩ ዲስክ ፊቱ ለስልሶ የፕላስቲክ መልክ ይዟል። በ2018 የወጣው 4ኬ ግሬኑን መለሰው። «ነጠብጣብ በዛበት» ብለው ያማረሩ አሉ። እኔ ያለማመንታት የ2018ቱን እመርጣለሁ።

«ኤሊየንስ»፦ አፍቃሪውን ለሁለት የከፈለው

በመጋቢት 2024 ሦስት የጄምስ ካሜሮን ፊልሞች በ4ኬ ዲስክ አንድ ላይ ወጡ። ከእነሱ ውስጥ ከባዱን ጭቅጭቅ ያስነሣው የ1986ቱ «ኤሊየንስ» ነው። ጽዳቱ ላይ በኒውዚላንድ ያለው የፒተር ጃክሰን ድርጅት ፓርክ ሮድ ፖስት ተሳትፏል። የሚያጸዳው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግሬኑን ካጠፋ በኋላ ምስሉን መልሶ ያጠራዋል። የጠራውም ነገር ሁልጊዜ በፊልሙ ላይ የነበረው አይደለም፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሪፕሊ (ሲጎርኒ ዊቨር) በኩባንያው ሰዎች ፊት ቆማ የምትመረመርበትን ትዕይንት ተመልከቱ። ፀጉሯ ዘለላ በዘለላ ጥርት ብሏል። ዓይኗም እንዲሁ። ጉንጯ ግን ልስልስ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትቃዥ ያደረች ሴት ቆዳ አይመስልም። ከኋላ፣ ከትኩረት ውጭ ያሉትን ሰዎች ስታዩ ደግሞ ፊታቸው በእጅ የተሳለ የሚመስልበት ጊዜ አለ። አንዴ ካያችሁት በኋላ ዓይናችሁ ሌላ ነገር አይፈልግም።

የሚደግፉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ካሜሮን ራሱ የተስማማበት ሥራ ነው፤ ተቺዎቹንም በአደባባይ መልሶ ተችቷል። ያኔ የተጠቀመበት ጥቅል ግሬን ስለሚበዛበት ድሮም አይወደውም ነበር። በ2010 የወጣው ብሉሬይም ቢሆን በእሱ ፈቃድ ጸድቷል። በተጨማሪ አዲሱ ዲስክ ኤችዲአር (ብሩሁን ይበልጥ ብሩህ፣ ጨለማውን ይበልጥ ጨለማ አድርጎ የሚያሳይ ዘዴ) ስላለው እሳቱ፣ የጠመንጃው ብልጭታ፣ የማንቂያው ቀይ መብራት ሌላ ሕይወት አግኝተዋል። ይህን ማንም አይክድም።

እኔ ግን የ2010ሩን ብሉሬይ ነው የምመክረው። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላል የሚል ቅሬታ አለበት፤ እውነትም አለው። ሆኖም በዚያ ዲስክ ላይ የሲጎርኒ ዊቨር ፊት የሰው ፊት ነው። ይህ ፊልም የሚቆመው ደግሞ በዚያ ፊት ነው። ትልቅ ስክሪን ያለውና ለኤችዲአር ብሎ ቴሌቪዥን የቀየረ ሰው አዲሱን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

የቅጂውም ጉዳይ አለ። ሁለቱም ዲስኮች 137 ደቂቃ የሚወስደውን የሲኒማ ቅጂና 154 ደቂቃ የሚወስደውን ረጅሙን ይዘዋል። ረጅሙ ሪፕሊ ልጅ እንደነበራት ይነግረናል። ይህ ለፊልሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ለትንሿ ኒውት ያላትን ስስት በደንብ ያስረዳል። ነገር ግን ወታደሮቹ ሳይደርሱ ሰፈሩን አስቀድሞ ያሳየናል። መጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ይህ ፍርሃቱን ይቀንሰዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ አጭሩን፣ ሌላ ቀን ረጅሙን።

አብሮት ስለወጣው «ዘ አቢስ» ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የ1989 ፊልም ነው። እስከ 2024 ድረስ ብሉሬይ እንኳ አልነበረውም። አፍቃሪው በ2000 የወጣ ደካማ ዲቪዲ ይዞ ሃያ ዓመት ከዚያ በላይ ጠብቋል። አዲሱ ዲስክም ተጸድቷል፤ ግን ከ«ኤሊየንስ» በጣም በለዘበ እጅ ነው። ግዙት። ሌላውን የካሜሮን ፊልም «ተርሚኔተር 2»ን በተመለከተ ግን ጠንቀቅ በሉ። በ2017 የወጣው 4ኬ የተወሰደው ፊልሙ ወደ ስሪዲ ሲቀየር ከተዘጋጀው ቅጂ ነው። ግሬኑ ጨርሶ ተጠርጓል፤ አፍቃሪዎችም እስካሁን ይቅር አላሉትም። ቀድሞ የገዛችሁት ብሉሬይ ካለ አትጣሉት።

ስንት «ብሌድ ራነር» አለ?

ዋናዎቹ አምስት ናቸው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንመልከት፤ ስለ ቅጂ ምርጫ ሁሉንም ነገር የሚያስተምረው ይህ ፊልም ነውና።

በ1982 ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ግራ ሲጋቡ ስቱዲዮው ደነገጠ። ሃሪሰን ፎርድ ታሪኩን እየተረከ እንዲያብራራ ተደረገ። መጨረሻው ላይም ጥንዶቹ በመኪና በተራራና በጫካ መሃል ሲሄዱ የሚያሳይ አስደሳች ፍጻሜ ተቀጠለ። ከአየር የተነሣው መልክዓ ምድር ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» ቀርጾ የተረፈው ነው። ድሮ ቪዲዮ ቤት ሄዳችሁ ትረካ ያለበትን ካያችሁ ይህንን ነው ያያችሁት፤ ምናልባትም ግራና ቀኙ ለካሴት ሲባል ተቆርጦ።

የ1982ቱ ቅጂ ለአሜሪካና ለሌላው ዓለም ተብሎ ሁለት ነው፤ የውጭው ጥቂት የበረቱ የድብደባ ምስሎች አሉት። ከእነሱ በፊት ለሙከራ የታየ የሥራ ቅጂ አለ። በ1992 «ዳይሬክተርስ ከት» መጣ። ትረካው ወጣ፣ አስደሳቹ ፍጻሜ ተቆረጠ፣ የባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ ሕልም ገባ። ስሙ የዳይሬክተሩ ቢሆንም ሪድሊ ስኮት ሙሉ ሥልጣን ኖሮት የሠራው አልነበረም። ሙሉ ሥልጣን ያገኘው በ2007 ነው፤ የዚህኛው ስም «ፋይናል ከት» ይባላል።

ፋይናል ከት እንዴት እንደታረመ አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ከሚታደኑት ሰው ሠራሽ ሰዎች አንዷ የሆነችው ዞራ እየሮጠች በተከታታይ መስታወት ጥሳ የምትወድቅበት ትዕይንት አለ። በ1982ቱ የምትሮጠው በምትክ የምትሠራ የስታንት ባለሙያ መሆኗ በግልጽ ይታያል። ፊቷ ሌላ ነው፤ ዊጉም ያስታውቃል። ለፋይናል ከት ተዋናይቷ ጆአና ካሲዲ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ተጠራች። ፊቷ እንደገና ተቀርጾ በዚያች ሴት ላይ ተተከለ። ተመልካች አያውቀውም፤ ሞቷ ግን አሁን የዞራ ሞት ሆኗል። መጨረሻው ላይ የምትበረው ርግብም እንዲሁ። በፊት ከዝናባማው ሌሊት ወጥታ ወደ ጠራ ሰማይ ትበር ነበር። አሁን ሰማዩ የዚያው ከተማ ሰማይ ነው። እርማት እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

የአፍቃሪው ቅሬታ ቀለሙ ላይ ነው። ፋይናል ከት ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያዘነብላል። የድሮውን ሞቅ ያለ ቀለም የለመዱ ሰዎች ይህን አልወደዱትም። ትረካውን የሚወዱም አሉ፤ የድሮ የመርማሪ ፊልም ስሜት ይሰጠዋል ይላሉ። ቢያንስ አንዴ ሊሰማ ይገባዋል እላለሁ።

ምርጫችሁ ይህ ነው። በ2017 የወጣው 4ኬ ፋይናል ከትን የያዘ ነው፤ ምስሉ እጅግ ያማረ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩት ከሆነ እሱን ያዙ። ፊልሙን የምትወዱት ከሆነ ግን የ2007ቱን ባለ አምስት ዲስክ ስብስብ በብሉሬይ ፈልጉ፤ ያገለገለም ቢሆን። አምስቱም ቅጂዎች አሉበት። አንድ ስቱዲዮ ለተመልካቹ ከዚህ በላይ ሊያከብር አይችልም።

«ስታር ዋርስ»፦ የሌለ ምርጫ

እዚህ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጆርጅ ሉካስ በ1997 ሦስቱን የመጀመሪያ ፊልሞች «ስፔሻል ኤዲሽን» ብሎ ቀየራቸው። በ2004 ዲቪዲ እንደገና ነካካቸው። በ2011 ብሉሬይ ሌላ ጨመረ፤ ዳርት ቬደር ልጁን ለማዳን በዝምታ የሚወስንበት ቦታ ላይ «አይሆንም!» የሚል ጩኸት ገባ። ያ ዝምታ የሦስቱ ፊልሞች ትልቁ ቅጽበት ነበር። በ2019 ስትሪሚንግ ላይ ሲወጣ ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ትዕይንት አንድ ጊዜ እንደገና ተቀየረ። እዚያ ሃን ሶሎ ሊይዘው ከመጣው ከግሪዶ ጋር ይፋጠጣል። በ1977 ሃን ብቻ ነበር የተኮሰው። በ1997 ግሪዶ ቀድሞ ተኮሰ። በ2004 እኩል ሊባል በሚችል ፍጥነት ተኮሱ። ይህ ተራ ጭቅጭቅ አይደለም። ሃን ራሱን ብቻ የሚያስብ ሰው ሆኖ ጀምሮ ነው በኋላ ለጓደኞቹ የሚመለሰው። መጀመሪያውን ካለሰለሳችሁት መመለሱ ምን ዋጋ አለው?

የ2020ው 4ኬ ዲስክ ይህንኑ የመጨረሻውን ለውጥ ይዟል። ይህን እስክጽፍ ድረስ የ1977ቱ ቅጂ በይፋ ብሉሬይም 4ኬም ላይ አልወጣም። በይፋ የተሸጠበት የመጨረሻው ዲስክ የ2006 ዲቪዲ ነው። እሱም እንደ ተጨማሪ ዲስክ ነበር የተሰጠው። ምስሉ ለሌዘርዲስክ (ከዲቪዲ በፊት ለነበረው ትልቅ ዲስክ) በ1993 ከተዘጋጀው የተወሰደ ስለሆነ በዛሬ ቴሌቪዥን ላይ በአራቱም በኩል ጥቁር ተከቦ መሃል ላይ አንሶ ይታያል። ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አሁንም ያገለገለውን ይፈልገዋል።

አፍቃሪዎች ታክቷቸው ራሳቸው ተነሡ። አንደኛው ወገን ከልዩ ልዩ ምንጭ እየቀጠለ ለውጦቹን አስወገደ። ሌላው ወገን በ35 ሚሊሜትር የታተመ የሲኒማ ጥቅል አግኝቶ በ4ኬ ገለበጠው። በይፋ የሚሸጡ ስላልሆኑ «ግዙ» ማለት አልችልም። ያን ሁሉ ልፋት ያስከተለው ግን የባለቤቶቹ እምቢታ ነው። በሱቅ ካለው ምረጡ ካላችሁኝ ለምስል ጥራት የ2020ውን፣ ለፊልሙ ራሱ የ2006ቱን።

«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ»

ይህኛው በ65 ሚሊሜትር ጥቅል ስለተቀረጸ የግሬን ጭቅጭቅ የለበትም። ክርክሩ የቀለም ነው። በ2018 ክሪስቶፈር ኖላን ያለ ዲጂታል ማስተካከያ የታተመ የ70 ሚሊሜትር ቅጂ በካን አቀረበ። ነጩ ሞቅ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው 4ኬ ዲስክ ግን ከዋናው ኔጋቲቭ (ካሜራው ውስጥ ከተቀረጸው ጥቅል) በ8ኬ ተገልብጦ በዲጂታል የተሠራ ነው። የኩብሪክ የረጅም ጊዜ ረዳት ሊዮን ቪታሊም ተሳትፎበታል። እዚህ ነጩ ነጭ ነው። የሕዋ ጣቢያውን አዳራሽና ቀያዮቹን ወንበሮች ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል። የኖላን ቅጂ ለሲኒማ አዳራሽ ነበር። ለቤት ዲስኩን እመርጣለሁ። የ1968ቱ ድምፅም አብሮ አለበት። 4ኬ ማጫወቻ የሌለው ሰውም በሳጥኑ ውስጥ አዲስ የተሠራ ብሉሬይ ያገኛል፤ ከ2007ቱ ይሻላል።

ቶሎ ቶሎ

«ክሎዝ ኢንካውንተርስ»፦ የ2017ቱ 4ኬ ሦስቱንም ቅጂዎች ይዟል። የ1980ው የባዕዳኑን መርከብ ውስጥ ያሳያል። ስፒልበርግ ራሱ በኋላ ተጸጽቶበታል፤ የ1998ቱን እዩ።

«ኢ.ቲ.»፦ በ2002 የፖሊሶቹ ጠመንጃ በሬዲዮ መገናኛ ተተክቶ ነበር። ከ2012 ብሉሬይ ጀምሮ የ1982ቱ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማንኛውንም መግዛት ይቻላል።

«ስታር ትሬክ፦ ዘ ሞሽን ፒክቸር»፦ የ2001 የዳይሬክተሩ ቅጂ አዳዲስ ምስሎቹ የተሠሩት በዲቪዲ ልክ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ ብሉሬይ ማምጣት አልተቻለም። በ2022 እንደ አዲስ በ4ኬ ተሠርቶ ወጣ። የድሮውን ዲቪዲ ልትሸኙት ትችላላችሁ።

«ሜትሮፖሊስ»፦ ከ2010 በፊት የታተመ ካገኛችሁ አትግዙ። በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ በሚገኝ የሲኒማ ሙዚየም 25 ደቂቃ ያህል የጠፋ ክፍል ተገኝቷል። የተቧጨረ የ16 ሚሊሜትር ግልባጭ ነው። ጭረቱ ሲበዛ የተመለሰውን ክፍል ታውቁታላችሁ። ለሰማንያ ዓመት የጠፋ ነገር ነውና ጭረቱ አያስከፋም።

ከውጭ ለሚላክላችሁ

ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዲስክ ሲልክ አንድ ነገር አረጋግጡ። ዲቪዲና ብሉሬይ በአካባቢ ይቆለፋሉ። የአሜሪካ ዲቪዲ ቁጥር 1 ነው፤ ኢትዮጵያ የተመደበችው 5 ውስጥ ነው። በብሉሬይ አሜሪካ «ኤ» ናት፤ አፍሪካ፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች «ቢ» ናቸው። 4ኬ ዲስክ ይህ ቁልፍ የለውም። በዚያው ሳጥን ያለው ብሉሬይ ግን ሊኖረው ይችላል። ከዱባይ በመጣ ፕሌይስቴሽን ላይ የአሜሪካ ብሉሬይ እምቢ ካላችሁ ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 የ4ኬ ዲስክ ያጫውታል፤ 4 ግን ፕሮ የሚባለውም ቢሆን አያጫውትም።

«ስትሪሚንግ ካለ ዲስክ ለምኔ?» ለሚል፦ 4ኬ ዲስክ በሰከንድ እስከ 128 ሜጋቢት ይሸከማል። ስትሪሚንግ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ነው። በ«ብሌድ ራነር» ጭስና ዝናብ ላይ ይህ በዓይን ይታያል፤ ጭሱ ይሰባበራል። ቴሌቪዥናችሁ ላይ እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ማስተካከያ ካለም አጥፉት። ያንን ሳታጠፉ የትኛውንም ዲስክ ማወዳደር አይቻልም።

ገና ለሚጀምር ሰው፣ የመጀመሪያ ዲስኩ በ2019 የወጣው የ«ኤሊየን» 4ኬ ይሁን። ከዋናው ኔጋቲቭ የተገለበጠ ነው። ግሬኑ በቦታው ነው፤ ጨለማውም በውስጡ ዝርዝር ያለው ጨለማ ነው። የ1979ኙና የ2003ቱ ቅጂዎች ሁለቱም አሉበት። የ2003ቱ የዳይሬክተር ቅጂ ተብሎም ከመጀመሪያው በአንድ ደቂቃ ያጥራል። የ1979ኙን አስቀድሙ።